ሮክ-ኦላ ጁክ ቦክስ፦ ሸክላ መያዣው መዞሩን አያቆምም፣ ሲጫወትም ዘፈኑ ይጎተታል

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። አባቴ በጃንሆይ ጊዜ ፒያሳ ቡና ቤት ነበረው፣ እና ከአስመራ በሎንቺና ያስመጣው አንድ ጁክ ቦክስ ነበረው። ደርግ ገብቶ ሰዓት እላፊ ሲመጣ ቡና ቤቱም ተዘጋ፣ እቃው ጓዳ ገብቶ ጆንያ ሲደረደርበት ኖረ። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እናቴ ሁሉንም ስትሰጥ እሱን ግን እንዳትነኩት ብላ አስቀመጠችው፣ ባለፈው ወር ፈቅዳልኝ አወጣሁት።

ከጀርባው ቆርቆሮ ላይ ሮክ-ኦላ፣ ቺካጎ፣ 117 ቮልት 60 ሳይክል ይላል። አምፕሊፋየሩ የብርጭቆ ቫልቭ ነው። ሸክላዎቹ ቀለበት በመሰለ መያዣ ላይ ቆመው ተደርድረዋል፣ ቁጥር ሲመረጥ መያዣው ይዞርና ሸክላው ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ከዛ አንድ ክንድ መጥቶ ሸክላውን አንስቶ ሰሃኑ ላይ ያጋድመዋል፣ በልጅነቴ አፌን ከፍቼ የማየው ይሄንን ነበር።

ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቼ ሰካሁት፣ መብራቱ ቦግ አለ፣ እናቴ እልል አለች። ግን መያዣው አንዴ መዞር ከጀመረ አያቆምም፣ ካላጠፋሁት ሲዞር ነው የሚያድረው። አንድ ጊዜ በእጄ ስነካካው ቆመና ሸክላ አነሳ፣ ዘፈኑ ግን ይጎተታል፣ ሴቷ ዘፋኝ ወንድ ሆነች፣ ከስፒከሩ ደግሞ ኡኡኡ የሚል ድምፅ ከዘፈኑ እኩል ይወጣል። እዚሁ ላለ አንድ ባለሙያ ባሳየው ሞተሩ ደክሟል ይጠቅለል አለኝ። ብሩ አይደለም የጨነቀኝ፣ አንዴ ከተፈታ እንዳይመለስ ነው የፈራሁት። ሳንቲም መግቢያውም ምንም አይቀበልም። ምን ትሉኛላችሁ?

የኮምቦልቻ ሬዲዮ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ሞተሩን አታስጠቅልል። ደካማ ሞተር መያዣውን ሲያዞር አያድርም።

መጀመሪያ ግን ስፒናውን ንቀል፣ እስክንነጋገር ድረስም አትሰካው። ኡኡኡ የሚለው የአምፕሊፋየሩ ፓወር ላይ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ናቸው፣ ውስጣቸው ያለው ኬሚካል በዚህ ሁሉ ዘመን ይደርቃል። በዚህ ሁኔታ ደጋግመህ ካበራኸው ካፓሲተሩ ይፈነዳል ወይ ደግሞ የጁክ ቦክሱን የራሱን ዋና ትራንስፎርመር ይዞት ይሄዳል፣ ያ ትራንስፎርመር ደግሞ ዛሬ ተፈልጎ አይገኝም። ቫልቭ ላይ ከ300 ቮልት በላይ ነው ያለው፣ ተነቅሎም ቢሆን ካፓሲተሩ መብራቱን ይዞ ይቆያል። አንዳንዱ በካቻቪቴ ሾርት ያደርገዋል፣ አንተ እንዳታደርገው፣ 1 ኪሎ ኦም 10 ዋት ሬዚስተር ጫፍና ጫፉ ላይ ትንሽ ያዝበትና በቴስተር ዜሮ መድረሱን እይ፣ አንድ እጅህ ኪስህ ውስጥ ይሁን።

አዲሶቹን አስገብተህ መልሰህ ስታበራ መስመሩ ላይ የድሮውን ክር ያለውን 100 ዋት አምፖል በተከታታይ አስገባ፣ ኤልኢዲ አይሆንም። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከዛ ከደበዘዘ ደህና ነው፣ ቦግ እንዳለ ከቀረ የሆነ ቦታ ሾርት አለና ወዲያው አጥፋ። ኧርዝም የለውም ያ ስፒና፣ ቆርቆሮው ላይ ኧርዝ አስርለት፣ እናት ያለችበት ቤት ነው።

ሐይቅ ዳር፦
መጎተቱን እኔ ልመልስ። ቆርቆሮው ላይ ራስህ አንብበኸዋል፣ 60 ሳይክል ነው የሚለው፣ መብራቱ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። የኛ መብራት 50 ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ሳይክሉን አይነካውም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። የዚህ አይነት ሞተር ፍጥነቱ ከሳይክሉ ጋር ነው የሚሄደው፣ 60 ላይ 45 ዙር እንዲያዞር የተሰራው 50 ላይ 37 ተኩል ይዞራል። ድምፁም በዛው ልክ ይወርዳል፣ ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ማለት ነው። አምባሰሉ አምባሰል መሆኑን አይተውም፣ ባቲውም ባቲ ነው፣ ብቻ ሁሉም ከጉድጓድ ውስጥ የሚዘፈን ይመስላል።

እንዲህ አረጋግጥ፦ የሸክላው መሀል ወረቀት ላይ ትንሽ ነጭ ናስትሮ ለጥፍ፣ ስልክህ ላይ አንድ ደቂቃ ያዝና ቁጠር። 37 ወይ 38 ከመጣና ሁለት ሶስቴ ስትቆጥረው ካልተለወጠ ሳይክሉ ነው። አንዴ 33 አንዴ 41 ካለህ ግን ሌላ ነው፣ ከሞተሩ ወደ ሰሃኑ የሚያስተላልፈው ትንሹ ጎማ ደርቆ እየተንሸራተተ ነው።

መፍትሄው ቶርኖ ቤት ነው። የሞተሩ ዘንግ ጎማውን የሚነካበትን ቦታ በካሊፐር ለካ፣ በ1.2 አባዛው፣ በዛ ውፍረት ዘንጉ ላይ የሚጠልቅ የነሐስ ቡሽ ይቆረጥልሃል። 6 ሚሊ ከነበረ 7.2 ማለት ነው። ለሰራተኛው በደንብ ንገረው፣ 0.1 ሚሊ ስህተት እንኳ በደቂቃ ከግማሽ ዙር በላይ ይቀይርብሃል፣ ጆሮ ያለው ሰው ያውቀዋል። መያዣውና ክንዱም ሞተር አላቸው፣ እነሱም ትንሽ ይዘገያሉ ግን ዘፈን ስለማይነኩ ተዋቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለ60 ሳይክል የተሰራው የጁክ ቦክሱ የውስጥ ትራንስፎርመር 50 ላይ ይሞቃል፣ ስለዚህ 117ቱን ሙሉ አትስጠው፣ የገዛኸው ትራንስፎርመር 100 ወይ 105 መውጫ ካለው እሱ ላይ አድርገው።

የወልዲያው፦
እኔ የሚገባኝ መዞሩ ነው፣ ኤሌክትሮ መካኒካል እቃ ብዙ ነክቻለሁ። የሮክ-ኦላ መስራች ሚስተር ሮኮላ ጁክ ቦክስ ከመስራቱ በፊት በሳንቲም የሚሰራ ሚዛንና የቁማር ማሽን ነበር የሚሸጠው፣ የካምፓኒው ስምም ከሱ ስም ነው የመጣው እንጂ ከሮክ ሙዚቃ አይደለም። ይሄን ያልኩት የዛ ዘመን የቁማር ማሽንም ይሄም አሰራራቸው አንድ አይነት ስለሆነ ነው፦ ኮንታክት ይገናኛል፣ ኮይል ይስባል፣ ምላስ ይቆልፋል። ኮምፒውተር የለውም፣ ስለዚህ ጆሮህን አቁመህ ብታዳምጥ ራሱ ይነግርሃል።

ቁጥር ምረጥና ያ ቁጥር ጋ ሲያልፍ ስማ። ጠቅ እያለ መያዣው ግን ካልቆመ ኮይሉ እየሳበ ነው ምላሱ ግን ተጣብቋል፣ የድሮ ግራሶ እንደ ሰም ይደርቃል። ጠቅም ካላለ ኮንታክቱ ነው፣ ዝጓል ወይ ተጣሟል። መቼም በጓዳ ይሄን ያህል ዘመን የተቀመጠ ሁለቱም ቢኖርበት አይገርምም።

ግራሶውን በላምባና በጥርስ ብሩሽ አውልቀው፣ ብረቱን ብቻ፣ ጎማና ፕላስቲክ ጋ ላምባ አታድርስ። የኮይሉ ውስጥ የሚገባና የሚወጣው ዘንግ ደረቅ ይሁን፣ ዘይት ከቀባኸው አቧራ ይሰበስብና ዓመት ሳይሞላ መልሶ ይጣበቃል። ኮንታክቱን ደግሞ ወንድሜ በአላህ በሸራ ወረቀት እንዳትፈገፍገው፣ ላዩ ላይ ያለው ስስ ልባጥ ከሄደ አለቀ። ጠንከር ያለ ንፁህ ወረቀት፣ የሰርግ መጥሪያ ካርድ እንኳ ይሆናል፣ አልኮል አስነክተህ በሁለቱ ኮንታክት መሀል አስገባና ጫን አድርገህ ሳብ። ወረቀቱ ጥቁር ይዞ ይወጣል፣ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ደጋግመው።

እና ከመንካትህ በፊት እያንዳንዷን ፎቶ አንሳ። ሽቦዎቹ ቀለማቸው ከአቧራ የተነሳ አንድ ይመስላል።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦
አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁም። አስር ቀን ፈጀብኝ ግን ላውራችሁ።

ቆጠርኩት፣ ሦስት ጊዜ፣ ሦስቴም 37 ከግማሽ። ሐይቅ ዳር እጅህ ይባረክ፣ ቆርቆሮው ላይ ተጽፎ እያየሁት ሞተሩን ላስጠቀልል ነበር።

መዞሩን ደግሞ እንደተባልኩት ሌሊት ሁሉም ሲተኛ አዳመጥኩት፣ አንዳንዱ ቁጥር ጋ ጠቅ ይላል አንዳንዱ ጋ አይልም። ምላሱ ስር ያለው ግራሶ ቡናማ ሆኖ ደርቆ በጥፍር እንኳ አልላቀቅ አለኝ፣ በላምባ ሁለት ቀን አስለሰልሼ ነው ያወጣሁት። ኮንታክቶቹ ውስጥ አንዷ ጣት አረንጓዴ ዝገት ይዛ ወደ ጎን ተጣማለች፣ በመርፌ አፍንጫ ፒንሳ ቀስ ብዬ አቃናኋት። አሁን ሁሉም ቁጥር ጋ ጠብ እያለ ይቆማል፣ ክንዱ ሲመጣ እናቴ ወንበር ስባ ቁጭ ትላለች።

ቡሹን ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት አስቆረጥኩት፣ የመጀመሪያው ወፍሮ 46 አለኝ፣ ተመልሼ አስላጥኩት፣ 45 ልክ መጣ። መጀመሪያ ያጫወትኩት የዓለማየሁ እሸቴን ነው፣ እዚሁ ደሴ የተወለደ የኛው ሰው፣ አምሃ ሪከርድስ በ1969 እ.ኤ.አ. ስራ ሲጀምር የመጀመሪያው ሸክላ የሱ ነበር። ኡኡኡው ገና አለ፣ ግን ዓለማየሁ ራሱ ነው፣ ድምፁ ቦታው ተመልሷል።

አንዳንድ ሸክላ ግን መሀሉ ጠባብ ቀዳዳ ስለሆነ አይገባም፣ እሱ ምን ይደረጋል? ሳንቲሙስ?

የወልዲያው፦
ጁክ ቦክስ ሰፊውን ነው የሚፈልገው፣ 38 ሚሊ። ጠባቡን አትቆፍረው ሸክላው ይበላሻል፣ እሱን ለቤት ማጫወቻ ተወው።

ሳንቲም መግቢያው ስፋት፣ ውፍረትና ክብደት ይለካል፣ ብረት የያዘውን ደግሞ በማግኔት ያስቀረዋል። አባትህ ያስተካከለው ለጃንሆይ ሳንቲም ከሆነ የዛሬው አይገባም። እናትህ ጋ ጠርዙ እንደ አበባ የተዘነተረው 25 ሳንቲም ካለ ሞክርበት። ድሮ ክብ የነበረውን 25 ሳንቲም የብር ቀለም እየቀቡ 50 ሳንቲም ነው እያሉ ሲያታልሉበት ነው ጠርዙን እንደዛ ያደረጉት። ካልሆነም ከመግቢያው ስር ያለችውን ስዊች በጣትህ ጫን፣ ሳንቲም እንደገባ ይቆጥረዋል።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦
እናቴ ከዛ ሳንቲም ሰፋ ያለ ቆርቆሮ ሙሉ አላት፣ ዛሬውኑ እሞክራለሁ።

ካፓሲተር መርካቶ አስፈልጌ 40 ማይክሮ 450 ቮልት አጣሁ፣ 47 ነው ያለው። ይሆናል?

የኮምቦልቻ ሬዲዮ፦
47 ይሆናል፣ ቮልቱ ግን ከ450 እንዳያንስ። ፕላስና ማይነሱን ሁለቴ አይተህ ነው ስታኞ የምታስነካው፣ ከተገለበጠ ይፈነዳል። አምፖሉን እንዳትረሳ።

ኡኡኡው የጠፋ ቀን ጻፍልኝ፣ እመጣለሁ፣ ቡናውን ጀባ ትሉኛላችሁ።