የኮሮላ የኋላ ስፒከር፦ ቀኙ ይንጫጫል፣ ሁለቱንም ልቀይር?

ባለኮሮላው፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ 2004 ኮሮላ ነው፣ ሴዳኑ። ከኋላ መስታወት ስር ካሉት ሁለት ስፒከሮች ቀኙ ከሁለት ወር ወዲህ መንጫጫት ጀምሯል። ዜና ሲሆን ደህና ነው፣ ዘፈን ከፍ ሳደርግ ግን ከበሮው በመጣ ቁጥር ወረቀት የሚቀደድ ይመስላል። ሰፈር ያለ ኤሌክትሪሺያን ገና ሳይከፍተው "አራቱንም ቀይር፣ አምፕሊፋየርም ያስፈልግሃል" አለኝ። እኔ ዲጄ አይደለሁም፣ መንገዴ ከሰሚት ቦሌ፣ ከቦሌ ሰሚት ነው። የኋላዎቹን ሁለት ብቻ ብቀይር ምን ችግር አለው? ራሴስ ልፈታው እችላለሁ? ካቻቪቴና ትዕግስት አለኝ። ቴፑን ያስገባው የቀድሞው ባለቤት ነው፣ ላዩ ላይ 4 ጊዜ 50 ዋት ይላል።

ሽቦ ፈቺ፦
ምንም ሳትገዛ በፊት አንድ ነገር አድርግ። ከቴፑ ጀርባ የኋላ ግራና የኋላ ቀኝ ሽቦዎችን አቀያይራቸው። ከገበያ የተገዛ ቴፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ግራ አረንጓዴ፣ የኋላ ቀኝ ሐምራዊ ነው፣ ጥቁር መስመር ያለባቸው ኔጋቲቮቹ ናቸው። መንጫጫቱ ወደ ግራ ከዞረ ጥፋቱ የቴፑ ነው፣ እዛው ቀኝ ላይ ከቀረ የስፒከሩ ወይም ወደሱ የሚሄደው ሽቦ። ለዚህች ነገር አራት ስፒከርና አምፕሊፋየር ያዘዘልህ ሰውዬ፣ በለው!

እኔ ግን ስፒከሩ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። እዛ ቦታ ያለ ስፒከር ዕድሜውን ሙሉ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ነው። ዙሪያውን የሚይዘው ስፖንጅ ድርቆሽ ይሆንና በጣትህ ስትነካው ይፈረፈራል። ሁለቱን ብቻ መቀየር ምንም ችግር የለውም። አንዱን ብቻ ግን አትቀይር፣ ግራና ቀኙ የተለያየ ድምፅ ያወጣልህና በሳምንቱ ተመልሰህ ትገዛለህ።

የሶማሌ ተራ ደንበኛ፦
አሮጌውን ፈተህ ይዘኸው ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ውረድ። ሞላላው 6 በ 9 ኢንች የሚሉት ነው፣ በሴንቲ ሲሰላ 15 በ 23 ገደማ። ደግሞ ወርድና ቁመቱ ብቻ አይበቃም፣ ጥልቀቱንም ለካ። እኔ ማግኔቱ ድስት የሚያክል ገዝቼ ከስር ያለው የኋላ ኮፈን ብረት አላስገባ አለኝ፣ ሻጩ ደግሞ ካርቶኑ ተከፍቷል ብሎ አልመልስም አለ። እስካሁን ቤት ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል፣ ሚስቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳያለች።

1000 ዋት የሚል ስቲከር ካየህ ደግሞ አልፈኸው ሂድ።

ሽቦ ፈቺ፦
ልክ ነው። ያንተ ቴፕ ላይ ያለው 50ም የማስታወቂያ ቁጥር ነው፣ ያለማቋረጥ የሚሰጠው 15፣ ቢበዛ 20 ዋት አካባቢ ነው። ስለዚህ "አርኤምኤስ" የሚለውን ቁጥር፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚችለውን ዋት፣ እና "ሴንሲቲቪቲ" የሚለውን፣ ማለትም በተሰጠው ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ፣ እያቸው። ሴንሲቲቪቲው በ3 ዴሲቤል ከፍ ያለ ስፒከር ያንኑ ድምፅ በዋቱ ግማሽ ያወጣልሃል። አምፕሊፋየር ለሌለው ሰው ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው። ኦሙ፣ ማለትም ስፒከሩ ላይ የተጻፈው የኤሌክትሪክ መከላከያ መጠን፣ 4 ይሁን። ኔጋቲቩን ደግሞ አደራ ቦዲ ላይ እንዳታስረው፣ የዘመኑ ቴፕ በዛ ይቃጠላል።

ቆንጆ ቪትዝ፦
ወንድሜ፣ ራስህ ፍታው። እኔ የእህቴን ኮሮላ ጎረቤቶቼ በረንዳ ላይ ቆመው እየሳቁብኝ ፈትቼዋለሁ። የኋላ መቀመጫውን ከፊት በኩል ወደ ላይ ሳብ ስታደርገው ይለቃል፣ ከዛ መደገፊያው፣ ከዛ በመስታወቱ ግራና ቀኝ ያሉት ፕላስቲኮች። እነዚህን በካቻቪቴ አትፈልቅቃቸው፣ ክሊፓቸው ይሰበርና ኮብልስቶን ላይ እስከ ዕድሜ ልክህ ሲንቋቋ ትሰማዋለህ። በእጅህ ቀስ እያልክ። ጨርቅ የለበሰው ጠረጴዛ መሳዩ ነገር ሲወጣ የሦስተኛዋ ፍሬን መብራት ሶኬት አብሮ አለ፣ እሱን ነቅለህ ስትመልስ እንዳትረሳው። ኦርጅናሉን የስፒከር ሶኬት አትቁረጠው፣ ማገናኛ ይሸጣል፣ ካጣህ በስታኞ በይደህ በናስትሮ ጠቅልለው። ስፒከሩና ብረቱ መሀል ስስ ስፖንጅ አድርግበት፣ ያለበለዚያ ቤዝ በመጣ ቁጥር ብረቱ ራሱ ይዘፍናል።

ባለኮሮላው፦
ከሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሽቦ ፈቺ እንዳልከው ነበር፣ ስፖንጁ እጄ ላይ ዱቄት ሆነ። ሁለት አዲስ ገዛሁና ቅዳሜ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስታገል ዋልኩ። አሁን አይንጫጫም። ግን እንዴት ብዬ እንደማስረዳ አላውቅም፣ ክራሩ ይሰማል ከበሮው የለም! አሮጌው እንኳን እየተቀደደ ከዚህ ይሻል ነበር። ተሸወድኩ እንዴ?

ሽቦ ፈቺ፦
ረጋ በል። ባላንሱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ አድርገህ ስማ፣ ከዛ ወደ ቀኝ፣ ከዛ መሀል። ለየብቻቸው ቤዝ ኖሯቸው መሀል ላይ ሲሆን የሚጠፋ ከሆነ አንዱን ገልብጠህ ነው ያሰርከው። አንዱ ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ይስባል፣ ተጣፍተው ይቀራሉ። ስፒከሩን ነቅለህ 1.5 ቮልት የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ለቅጽበት ንካበት። የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው እግር ፖዘቲቩ ከሆነ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት ብቅ ይላል። ከኋላ ያሉትን እግሮችም እያቸው፣ ብዙ ጊዜ ሰፊው ፖዘቲቭ ነው።

ባለኮሮላው፦
ቀኙ ነበር! ከስር ከኮፈኑ በኩል ተጋድሜ ስለነበር ያሰርኩት ግራና ቀኙ ተምታቶብኛል። ገለበጥኩት፣ ከበሮው መጣ፣ መስታወቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ትልቅ ምስጋና ለሁላችሁም።

ቆንጆ ቪትዝ ደግሞ እንዳትስቂብኝ። ዛሬ ጠዋት መገናኛ ጋ አንድ የታክሲ ሹፌር አጠገቤ ቆሞ መስኮት አስወርዶ "የላይኛው ፍሬን መብራትህ አይበራም" አለኝ።