የጤና መምሪያ ወጪ እየገመገምኩ ድምሩ አልገጥም አለኝ፣ ነገ ጠዋት ነው የማቀርበው

ጠያቂዋ፦ ወገኖች በናታችሁ ድረሱልኝ። የጤና መምሪያውን የወጪ ፋይል በኤክሴል ላኩልኝና ከየት ከየት መቆጠብ እንደሚቻል ነገ ጠዋት ለኮሚቴ አቅርቢ ተባልኩ። የመድኃኒት መደቡን ስደምረው ማጠቃለያው ላይ ካለው ያንሳል፣ ጠቅላላውን ስደምር ደግሞ ይበልጣል፣ ፒቮት (የኤክሴል ማጠቃለያ ሰንጠረዥ) ሰራሁ እሱም ሌላ ቁጥር አመጣ። ምኑ ነው የተበላሸው?? ከየቱስ ልቁረጥ?

ሰንጠረዥ፦ ያነሰው ላይ ቁጥሮቹ ቴክስት ሆነው ገብተው ይሆናል፣ ከሌላ ሲስተም ሲገለበጥ የሚመጣ ጣጣ ነው። ሴሉን እዪው፣ አሰላለፉን ማንም ካልነካው ቁጥር ወደ ቀኝ ይጠጋል ቴክስት ወደ ግራ፣ SUM የሚባለው የመደመሪያ ቀመር ደግሞ ቴክስቱን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ኮለሙን መርጠሽ ከዳታ ስር ቴክስት ቱ ኮለምስ ግቢና ፊኒሽ በይው።

የበጀት ሰው፦ መጀመሪያ ዋናውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሪፖርት ከጤና ወጪ ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው እንደሚባክን ገምቷል። ምክንያት ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ ጄኔሪክ መድኃኒት (ያው መድኃኒት ያለ ብራንድ ስም በርካሽ የሚሸጠው) እያለ ውዱን መግዛት፣ ያለ በቂ ምክንያት አልጋ ማስያዝ፣ አላስፈላጊ ምርመራ፣ ሙስና ሁሉ አሉበት። ስለዚህ ግምገማ ማለት ድምር ማስተካከል ብቻ አይደለም፣ ገንዘቡ ምን አመጣ ብሎ መጠየቅ ነው።

አይዞሽ_ባይ፦ ኤክሴል ያላስለቀሰው የሂሳብ ሰው የለም ሃሃሃ በርቺ እህቴ

ሲስተር፦ እኔ "ከየቱ ልቁረጥ" የሚለው ላይ አልስማማም። እንዲህ ሲባል ሁሌ ቀድሞ የሚቆረጠው ጥገናና የላብራቶሪ ግብዓት ነው፣ ምክንያቱም ደሞዝ አይነካም። ከዛ የላብራቶሪ ማሽኑ ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) አጥቶ ይቆማል፣ በሽተኛው ለምርመራ ውጪ ይላካል፣ የባለሙያው ደሞዝ ግን እየተከፈለ ነው። ይሄ ቁጠባ ነው?

ኤክሴል_ወዳጅ፦ ቁጥሮቹ ቴክስት ሆነው ነው፣ ቴክስት ቱ ኮለምስ አድርጊው

ሰንጠረዥ፦ ብያለሁ እኮ ከላይ

ባለኦዲት፦ እህቴ የበለጠው ላይ ሁለት ነገር ንገሪን። ፋይሉ የተፈቀደ በጀት ነው ወይስ የተከፈለ? ለሆስፒታሎች የተላለፈውስ ውስጡ አለ?

ጠያቂዋ፦ ሰንጠረዥ እግዜር ይስጥህ የመድኃኒቱ ገጠመ! ባለኦዲት፣ የተፈቀደውም የተከፈለውም አንድ ኮለም ላይ ነው፣ ዓይነቱ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ሆስፒታሎቹም አሉ

ባለኦዲት፦ በቃ እሱ ነው። የተከፈለውን ብቻ ፊልተር አድርጊ። ከዛ መምሪያው ለሆስፒታል ሲያስተላልፍ አንዴ፣ ሆስፒታሉ ሲያወጣው ድጋሚ ተመዝግቦ ስለሚሆን ማስተላለፊያ መስመሩን አውጪው። ይሄን ሳታጠሪ ስለ ቁጠባ አንድ ቃል እንዳትናገሪ። ሲጠራ መድኃኒቶቹን ከብዙ ገንዘብ ወደ ትንሽ ደርድሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዝርዝሩ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ከ70 እስከ 80 በመቶ ገንዘብ ይወስዳሉ። እነሱ ላይ ብቻ ሦስት ነገር እዪ፦ ስንት ጊዜ በአስቸኳይ ያለ ጨረታ ተገዛ፣ ስንቱ ኤክስፓየር አደረገ፣ ጄኔሪኩ አለ ወይ። ኤክስፓየሩን ከስቶር ቢን ካርዱ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያው) ታገኚዋለሽ፣ ወጪ ሪፖርት ላይ አይታይም።

ሲስተር፦ ይሄ ነው እንጂ! የላብራቶሪ ማሽን ውሉንም አስወጪና እዪው፣ የራሱን ካምፓኒ ሪኤጀንት ብቻ የሚቀበል ከሆነ ማሽኑ በነጻ ቢሰጥ እንኳ በየዓመቱ የሚያስከፍላችሁ እሱ ነው።

አዲስ_ገቢ፦ ይቅርታ ጥያቄውን ላቋርጥ፣ እኛ ጋ የጨረታ ዋጋው በፓኬት ነው የስቶሩ በፍሬ፣ እንዴት ላወዳድር?

ባለኦዲት፦ ሁሉንም ወደ አንድ ፍሬ ዋጋ ቀይረው፣ ሚሊግራሙ እኩል የሆነውን ብቻ አወዳድር። ፓኬቱ ባለ 100 ይሁን ባለ 1000 ደረሰኙ ላይ ካልተጻፈ ፋርማሲስቱን ጠይቀው፣ በግምት እንዳትሞላው።

ሰንጠረዥ፦ ጠያቂያችን ኮሚቴው ምን አለ?