ዳቦ ማከፋፈል ለሚጀምሩ፦ ከዳቦ ቤት፣ ከውል፣ ከማሸጊያና ከመኪና የትኛው ይሻላል?

ፉክክር በበዛበት ገበያ ዳቦ ማከፋፈል ለመጀመር ያሰቡ ሰዎች በቅድሚያ የሚጠይቁት የትኛው ዳቦ ቤት በርካሽ እንደሚያስረክብና የትኛው መኪና ነዳጅ እንደሚቆጥብ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ይህን ሥራ ከሁሉ በላይ የሚያከስረው ተመላሽ ዳቦ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የማነጻጽራቸውን አማራጮች በሙሉ የመዘንኳቸው ሳይሸጥ የሚያድረውን ዳቦ ይቀንሳሉ ወይስ ያበዛሉ በሚለው መለኪያ ነው።

ሒሳቡን በቁጥር እንየው። አንዱን ዳቦ በ85 ተረክበው ለሱቅ በ100 ቢያስረክቡት 15 ይቀርልዎታል። መቶ ዳቦ ጭነው ሁሉም ከተሸጠ ትርፉ 1,500 ነው። ከመቶው 10 ዳቦ ቢመለስና ኪሳራው የእርስዎ ቢሆን ግን፣ ከተሸጡት 90 ዳቦዎች ከተገኘው 1,350 ላይ ለተመላሾቹ የከፈሉት 850 ተቀንሶ 500 ብቻ ይተርፋል። ከጭነቱ 10 በመቶ ሲመለስ ከትርፉ ሁለት ሦስተኛው ሄደ ማለት ነው፤ ነዳጅና የሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ ገና አልተቀነሰም። በዚሁ ስሌት አንድ የተመለሰ ዳቦ ወደ ስድስት የሚጠጉ የተሸጡ ዳቦዎችን ትርፍ ይበላል፤ 15 ዳቦ ሲመለስም ትርፉ ባዶ ይሆናል። በአንድ ዳቦ ላይ ጥቂት ቅናሽ ለማግኘት ከዳቦ ቤት ጋር ረጅም ጊዜ የሚከራከር ሰው፣ ያንኑ ጉልበት በመመለሻ ውሉ ላይ ቢያውለው ይበልጥ ይጠቀማል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሱቆች ጋር የሚደረገው ውል በተግባር ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ባለሱቁ የወሰደውን ሁሉ ገዝቶ የማይመልስበት ነው፤ ለአከፋፋዩ እጅግ የሚመች ቢሆንም ባለሱቁ ያደረ ዳቦ እንዳይቀርበት ፈርቶ አሳንሶ ስለሚያዝ፣ አዲስ አከፋፋይ በዚህ ውል ብቻ ወደ ገበያ መግባት ይቸግረዋል። ሁለተኛው ያልተሸጠው ሁሉ የሚመለስበት ነው። ተፎካካሪዎች ይህን ስለሚሰጡ እኔም ልስጥ ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ኪሳራ የማያገኘው ባለሱቅ መደርደሪያው ሞልቶ እንዲታይ ብቻ አብዝቶ ያዝዛል፣ የዚያ ጌጥ ዋጋም በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ለጀማሪ የምመክረው ሦስተኛውን ነው፤ ይኸውም ተመላሹ ገደብ የሚኖረው ውል ነው። ለምሳሌ ከሳምንቱ ርክክብ እስከ 5 በመቶ የሚሆነውን በሙሉ ዋጋ መቀበል፣ ከዚያ የሚያልፈውን በግማሽ ዋጋ መቀበል ይቻላል። ከዳቦ ቤቱ ጋር የሚዋዋሉትም ተመሳሳይ ገደብ ያለው ቢሆን ኪሳራው ለእርስዎ፣ ለባለሱቁና ለዳቦ ቤቱ ይከፋፈላል፤ ሦስታችሁም ትዕዛዙን በጥንቃቄ ትወስናላችሁ።

ምን ያህል መጫን እንደሚገባ ለመወሰን የንግድ ትምህርት ምሁራን «የጋዜጣ ሻጩ ችግር» የሚሉት ስሌት ይረዳል፤ ጋዜጣም ዳቦም ውለው ካደሩ ፈላጊ የላቸውምና። ከላይ ባነሳነው ምሳሌ ያደረው ዳቦ ምንም ዋጋ የማያወጣ ከሆነ፣ አንድ ተጨማሪ ዳቦ ሲሸጥ 15 ያተርፋል፣ ሲያድር 85 ያከስራልና፣ መጫኑ የሚያዋጣው የመሸጥ ዕድሉ ቢያንስ 85 በመቶ ሲሆን ነው። ያደረውን በ50 የሚወስድ ደንበኛ ካለዎት ግን ኪሳራው 35 ብቻ ስለሚሆን መስፈርቱ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ትርፉ ቀጭን በሆነበት ገበያ ዳቦው በአብዛኛው ቀን ተሸጦ ማለቁ ጉድለት ሊባል አይገባም። ጉድለት የሚሆነው ዳቦው ገና ረፋድ ላይ አልቆ ቦታው ለሌላ አከፋፋይ ሲለቀቅ ነው፤ ለዚህ ደግሞ መፍትሔው ጠዋት አብዝቶ ማራገፍ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ዙር መምጣት ነው።

ከዚህ በመነሳት ዳቦ ቤቶችን እናነጻጽር። ትልቅ ፋብሪካ የዳቦውን ክብደትና ቅርጽ አንድ ዓይነት አድርጎ ያቀርባል፣ በብዛት ያስረክባል፣ ብዙውን ጊዜም አሽጎ ይሰጣል። በአንጻሩ የራሱ አከፋፋዮች ስላሉት አነስተኛ ትዕዛዝ የሚያዝ አዲስ ሰው ወረፋው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ ትዕዛዝን በዕለቱ መቀነስም አይፈቅድለትም። ትንሽ የሰፈር ዳቦ ቤት በሌላ በኩል በስልክ ትዕዛዝ ቀንሶ ይጨምራል፣ ከሰዓትም ይጋግራል፤ ሆኖም ምድጃው ሲበላሽ ወይም ዱቄት ሲጠፋ እርስዎም አብረው ይቆማሉ። የራስን መጋገሪያ መክፈትን በዚህ ደረጃ አልመክርም፤ የማከፋፈል መስመሩ ሳይረጋ ምድጃ መግዛት ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ መጀመር ነውና። የእኔ ምርጫ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ የሚጋግር፣ ያልተጠቀመበት አቅም ያለው መካከለኛ ዳቦ ቤት ነው፤ ከእርሱ ጎን ደግሞ ጥቂት ትዕዛዝ በየጊዜው እየወሰዱ ግንኙነቱን የሚያሞቁት ሌላ ተጠባባቂ ዳቦ ቤት መያዝ ያስፈልጋል።

ዳቦ ቤቱን ከመምረጥዎ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ሳምንት እንደ ማንኛውም ገዢ እየገዙ ይፈትኑት። ከአንድ ዙር የወጡ በርከት ያሉ ዳቦዎችን በሚዛን ቢለኩ ልዩነታቸው ስለ ዳቦ ቤቱ ጥንቃቄ ብዙ ይናገራል። ከዚያ አንዱን ዳቦ በመዳፍዎ መሐል ይዘው ቀስ ብለው ይጫኑት፤ በደንብ የበሰለና የቀዘቀዘ ለስላሳ ዳቦ እጅዎን ሲያነሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ያልበሰለው ወይም ሳይቀዘቅዝ ተደራርቦ የተጫነው ግን የጣትዎን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። የታሸገ ከሆነ ፌስታሉን ወደ ብርሃን ያዙት፤ በውስጥ በኩል ጤዛ ካለ ዳቦው ሳይቀዘቅዝ ታሽጓል ማለት ነው፣ ያም እርጥበት ሻጋታን ቀድሞ ይጠራል። የዳቦው መሐል ከምድጃ ሲወጣ ሙቀቱ ከ90 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በመሆኑ፣ ከመቆረጡና ከመታሸጉ በፊት ወደ 35 ዲግሪ ገደማ እስኪወርድ መጠበቅ አለበት። ትዕዛዝ ሲበዛበት ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ዳቦ ቤት በዋጋው ቢማርክዎትም ይለፉት።

ሙቀት በሚበዛበት ወቅት ሌላም የሚጠየቅ ነገር አለ። ባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ስፖር (ጠንካራ ዘር መሰል አካል) ከዱቄት ጋር ገብቶ የመጋገሪያውን ሙቀት ስለሚቋቋም፣ ዳቦው በሞቃት ቦታ ሲቆይ መሐሉ ይሟሟል፣ ሲቆርሱት ክር እየሳበ ይለያያል፣ ከመጠን በላይ የበሰለ ፍራፍሬ የሚመስል ሽታም ያመጣል። እንዲህ ያለ ዳቦ ከውጭ ሲታይ ደህና ስለሚመስል ከሱቅ ሳይሆን ከተጠቃሚ ቤት ነው የሚመለሰው፤ ስምዎን ይዞ ይመለሳል። ዳቦ ቤቱ መጋገሪያውንና የሊጥ ዕቃውን እንዴት እንደሚያጸዳ፣ እንደ ካልሲየም ፕሮፒዮኔት ያለ ማቆያ ይጠቀም እንደሆነም ሳያፍሩ ይጠይቁ።

ወደ ማሸጊያው ስንመጣ፣ ምርጫው እንደ ዳቦው ዓይነት ይለያያል። ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሽ ዳቦ በተዘጋ ላስቲክ ውስጥ ሲገባ የመሐሉ እርጥበት ወደ ቅርፊቱ ወጥቶ ያልመዋል፤ ለእርሱ የወረቀት ከረጢት ወይም ቀዳዳ ያለው ላስቲክ ይሻላል፣ በዕለቱም መሸጥ አለበት። ለስላሳውና የተቆረጠው ዳቦ ግን በደንብ በሚዘጋ ላስቲክ ይታሸግ። የመዝጊያውን ቀለም በየቀኑ መለወጥ በአንዳንድ አገሮች የተለመደ ዘዴ ነው፤ ሾፌሩ ቀን ሳያነብ በአንድ እይታ የትናንቱን ለይቶ ያነሳል። ከማሸጊያ ወጪ ሁሉ ይህን ያህል የሚክስ አላውቅም።

ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ይከራዩ ብለው የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ ለመደበኛ ዳቦ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ይጎዳዋል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ዣን ባፕቲስት ቡሳንጎ እ.ኤ.አ. በ1852 እንዳሳየው፣ ዳቦ እርጥበቱ ሳይቀንስም ይጠጥራል፣ እንደገና ሲሞቅም ይለሰልሳል። ምክንያቱ በመጋገር የላላው ስታርች ቀስ በቀስ ተመልሶ መጠንከሩ ነው፤ ይህም ከበረዶ ነጥብ ጥቂት ከፍ ባለ ቅዝቃዜ፣ ማለትም በተራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይፈጥናል። ዳቦን ለቀናት ማቆየት ግድ ከሆነ የሚያዋጣው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ ማቀዝቀዝ ነው። ለሱቅ ደንበኞችዎም ይህንኑ ይንገሯቸው፤ ከመጠጥ ጋር ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳደሩት ዳቦ ደርቆ ሲመለስ ጥፋቱ በዳቦ ቤቱ ላይ ይላከካልና።

የመኪናው ምርጫ በቶን ሳይሆን በሳጥን ቁጥር መሠራት አለበት። ዳቦ ቀላልና ቦታ ያዥ በመሆኑ መኪናው ክብደቱ ሳይሞላ ቦታው ይሞላል፤ ስለዚህ ሜትር ይዘው ሄደው የጭነት ክፍሉን ከውስጥ ይለኩና የሳጥንዎ ልክ ስንት ጊዜ እንደሚገባበት ያስሉ። ሣጥን የተገጠመለት ሞተር ብስክሌት ለጠባብ መንገድና ለከሰዓቱ ሁለተኛ ዙር ተስማሚ ነው። የተሸፈነ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ሱቆቹ ተቀራርበው ባሉበት አካባቢ ከሁሉ ይሻላል፤ ዳገትና ረጅም ርቀት ግን ይጎዳዋል። ዝግ ቫን ጠዋት አንድ ትልቅ ጭነት ለሚያወጣ ሰው ይመቻል። መስመርዎ እስኪረጋ ድረስ ግን ከመግዛት ይልቅ ጠዋት ጠዋት ሥራ የሌለውን ዝግ ተሽከርካሪ በወር ውል ቢከራዩ እመርጣለሁ። በውሉ ላይ መኪናው ሳሙና፣ ነዳጅ፣ ሽንኩርት የመሰለ ነገር እንደማይጫንበት ይጻፍ፤ ዳቦ ሽታ ፈጥኖ ይስባል።

ሳጥንን በተመለከተ፣ ሲሞላ የሚደራረብ፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ ዞሮ እርስ በርሱ የሚገባው የፕላስቲክ ሳጥን ከተራው ቢወደድም ሲመለስ የሚይዘው ቦታ በጣም ያንሳል። ሳጥን በየሱቁ እየቀረ ያልቃል፤ ስለዚህ መያዣ ገንዘብ ያስከፍሉ ወይም ባዶውን ሳይረከቡ ሙሉውን አያስረክቡ። ለተመላሽ ዳቦ ሌላ ቀለም ያለው ሳጥን መመደብም ይገባል፤ ያደረና ምናልባት የሻገተ ዳቦ የያዘ ሳጥን ሳይታጠብ ትኩስ ከተደረገበት ሻጋታው ወደ አዲሱ ይሻገራል።

ከደንበኛ ማንን ማስቀደም እንደሚሻል ስትጠይቁ ብዙ ሰው ሱፐርማርኬት ይላል። እኔ አልስማማም። ሱፐርማርኬት በብዛት ይወስዳል፣ ነገር ግን ክፍያ ያዘገያል፣ መደርደሪያውን ሙሉ ማየት ይፈልጋል፣ ተመላሹም ብዙ ነው። ትምህርት ቤትና ሆስፒታል የመሳሰሉ ተቋማት የሚወስዱት መጠን አስቀድሞ ስለሚታወቅ ተመላሽ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ክፍያቸው ግን ስለሚዘገይ ለዚያ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ በእጅ መኖር አለበት። ቁርስ ቤቶችና ምግብ ቤቶች መጠናቸው ትንሽ ቢሆንም በየቀኑ የሚወስዱት ብዙ አይለዋወጥም። ጥሩ የሚሆነው የእነዚህን የታወቀ ትዕዛዝ የጭነቱ መሠረት አድርጎ በዚያው መንገድ ላይ ያሉ ትንንሽ ሱቆችን ማከል ነው። አሥር ሱቅ በአንድ ጎዳና ላይ መያዝ ሃያ ሱቅ በከተማ ዙሪያ በትኖ ከመያዝ ይበልጣል፤ ጊዜው ስለሚያጥር የመጨረሻው ሱቅም ትኩስ ዳቦ ያገኛል።

ሌላ አከፋፋይ የያዘውን ሱቅ ዋጋ ሰብሮ መንጠቅ ግን አይበጅም። እርሱም ይሰብራል፣ ሁለታችሁም ትከስራላችሁ፣ ባለሱቁም ነገ ወደ ሦስተኛ ሰው ይሄዳል። ከዚያ ይልቅ የሱቁ መደርደሪያ በስንት ሰዓት ባዶ እንደሚሆን ለጥቂት ቀናት ይመልከቱ። ከሰዓት በኋላ ዳቦ የሌለበት ሱቅ፣ የጠዋቱን አከፋፋይ ሳያስቀይም እርስዎን በደስታ ያስተናግዳል፤ ሰው ከሥራ ሲመለስ ትኩስ ዳቦ ማግኘቱ ለባለሱቁ ሌላ ዕቃም ያሸጥለታል።

ክፍያን በተመለከተ ዕለታዊ ጥሬ ገንዘብ የተሻለ ነው፤ ያ ካልተቻለ የትናንቱን ሒሳብ ከፍሎ የዛሬውን መረከብ የሚባለው አሠራር ዱቤው ከአንድ ቀን ዳቦ እንዳያልፍ ያደርጋል። በሳምንት እከፍላለሁ ለሚል አዲስ ደንበኛ በትህትና እምቢ ይበሉ።

ለመዝገብ የስልክ መተግበሪያም፣ የኮምፒውተር ሠንጠረዥም፣ ተራ ደብተርም ይሠራሉ፤ ጎህ ሳይቀድ በቀዘቀዘ እጅ ቶሎ የሚጻፍበት ደብተር ለሾፌር ይቀላል፣ ማታ ወደ ሠንጠረዥ ይገለበጣል። ለየሱቁ የተረከበው፣ የተመለሰውና የተከፈለው ይጻፍ። ከእነዚህ ጋር ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ዳቦው ያለቀበት ሰዓት ነው። ሃምሳ ወስዶ ሃምሳውንም የሸጠ ሱቅ ዳቦው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ አልቆበት ከሆነ ትዕዛዙ መጨመር አለበት፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ አልቆበት ከሆነ ግን ልኩ ሃምሳ ነው፤ ሰዓቱ ካልተጻፈ ሁለቱ ሱቆች በደብተሩ ላይ አንድ ይመስላሉ።