ጂቡቲ ሄጄ ስኩባ ልማር ነው፤ የቱ ሰርተፍኬት ይሻላል?

የማራኪ ልጅ (ጠያቂው)
ሰላም ለቤቱ። ጎንደር ነኝ። ኅዳር ላይ ለሥራ ጂቡቲ እሄዳለሁ፣ ሦስት ሳምንት እቆያለሁ። ያኔ ዌል ሻርክ የሚሉት ግዙፍ ዓሣ የሚመጣበት ወቅት ነው ሲሉኝ ልቤ ተነሳ፤ ስኩባ፣ ማለት የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅ፣ ተምሬ ልመለስ አልኩ። ግን ሰርተፍኬት ከሚሰጡት ድርጅቶች አንዱ ሰው የፓዲን ያዝ ይለኛል፣ ሌላው ኤስኤስአይ፣ ሌላው ሲማስ። አንዱ ደግሞ ባንድ ቀን ጨርሰህ ሰርተፍኬት ትይዛለህ ብሎኛል፤ ዋጋው ከሁሉም ይረክሳል። የቱ ይሻለኛል? ዋና እንደሁ አልታማም፣ በየዓመቱ ለጥምቀት ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ውስጥ የምዘል ሰው ነኝ።

ጎርጎራ
መዝለልና መዋኘት ለየቅል ነው ወንድሜ። ዘለህ ጠርዙን እስክትይዝ ስንት ሜትር ነው? ለመጀመሪያው ደረጃ፣ ኦፕን ወተር ለሚሉት፣ 200 ሜትር ሳታርፍ መዋኘትና 10 ደቂቃ ውሃ ላይ ተንሳፎ መቆየት ይጠበቅብሃል። ፍጥነትህን የሚለካ የለም።
ደግሞ ዌል ሻርክ ላዩ ላይ ነው የሚበላው። ብዙ ሰው በማስክና በመተንፈሻ ቱቦ ብቻ ነው የሚያየው። ለሱ ብቻ ከሆነ ገንዘብህን አታፍስ።

ቀይ ባሕር
እኔ ግብፅ ነው የተማርኩት። ሲማስ በ1959 የተመሠረተ የፌዴሬሽኖች ማኅበር ነው። ፓዲ 1966፣ ኤስኤስአይ 1970፣ ሁለቱም አሜሪካ ተጀምረው ዓለምን ያዳረሱ የንግድ ድርጅቶች ናቸው (ዓመቶቹ በፈረንጅ)። የፓዲም የኤስኤስአይም የመጀመሪያ ደረጃ አንድ ዓለም አቀፍ መስፈርት የሚያሟላ ነው፤ እስከ 18 ሜትር ትጠልቅበታለህ። አንዱን ይዘህ ሌላው ጋ ብትሄድ የሚመልስህ የለም። ያለ ካርድ ግን ሲሊንደር የሚያከራይህ አታገኝም።
ባንድ ቀን ያለህ ሰውዬ እየሸወደህ ነው። መጀመሪያ ገንዳ አለ፣ ከዚያ ባሕር ላይ አራት ጊዜ ትጠልቃለህ፣ እሱም ቢያንስ በሁለት ቀን ተከፍሎ። ያንድ ቀኑ ሙከራ ነው፤ ደስ ይላል፣ ካርድ ግን የለውም።
የኔ ምክር ከስሙ ይልቅ አሰልጣኙን እይ ነው። እኔ የተማርኩበት ቤት ካርዱ ስመ ጥር ነው። ግን ለስድስታችን አንድ አሰልጣኝ ነበር የመደቡልን። ማስክ ውስጥ ውሃ አስገብቶ በአፍንጫ እየነፉ ማስወጣት የሚባል ልምምድ አለ። ውሃው አፍንጫዬ ሲገባ ደንግጬ ትንፋሼን ያዝኩና ወደ ላይ ልፈተለክ ስል እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ የሌላ ሰው ቀበቶ ያጠብቃል! እግሬን ይዛ ያስቀረችኝ አብራኝ የምትማር ልጅ ናት። ከ10 ሜትር ትንፋሽ ይዘህ ብትወጣ እኮ ሳንባህ ውስጥ ያለው አየር እጥፍ ነው የሚሆነው። እና ቀብድ ሳትከፍል ስንት ተማሪ ለአንድ አሰልጣኝ እንደሆነ ጠይቅ። የአሰልጣኙን ቁጥር ተቀብለህም ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አጣራ።

ነርሷ
አመላለስህንም አስብበት ወንድሜ። ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቅክ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላህ አውሮፕላን እንዳትሳፈር። ባቡርም ቢሆን ያው ነው፣ ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው የሚያወጣህ። ሰውነትህ ውስጥ የቀረው ናይትሮጂን ቶሎ ከፍታ ላይ ከወጣህ እንደተከፈተ ለስላሳ ይፈላል። የጤና ቅጽ ሲሰጡህ ደግሞ አስም ካለብህ እንዳትደብቅ። ሐኪም ይይህ።

የማራኪ ልጅ
ተባረኩ። እህቴ፣ አስም የለብኝም። እስከዚያው ጣና ላይ ብለማመድስ?

ጎርጎራ
እኔ እዚያው ነኝ፣ ተው። ውሃው ድፍርስ ነው፣ ቢልሃርዚያ አለበት፣ ጉማሬውም ካርድ አይጠይቅህም። ገንዳ ፈልግ።

የማራኪ ልጅ
ትናንት አንድ ሆቴል ገንዳ ገብቼ ሞከርኩ። 120 ሜትር ላይ ጠርዙ ላይ ተንጠለጠልኩ። የገንዳው ጠባቂ "ወንድም፣ ደህና ነህ?" አለኝ። ቅዳሜ እመለሳለሁ።