«የሁኔታዎች መለወጥ» የሚለው የእንግሊዝኛ የውል ሐረግ በፖርቱጋልኛ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ ወደ ፖርቱጋልኛ የምተረጉመው የዕቃ አቅርቦት ውል «ቼንጅ ኦፍ ሰርከምስታንስስ» የሚል አንቀጽ አለው። ቃል በቃል «ሙዳንሳ ዴ ሲርኩንስታንሲያስ» ብዬ ብጽፈውም፣ አራሚው የሕግ ሰው አነጋገር አይደለም ብሎ መልሶልኛል። ምን ብል ይሻላል?

መልስ፦ አስቀድመው አንባቢዎ የየት አገር ሰው እንደሆነ ይለዩ። ለፖርቱጋል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 437 የሚጠቀምበት ሐረግ «አልተራሳውን ዳሽ ሲርኩንሽታንሲያሽ» ነው። አንቀጹ ተዋዋዮቹ ለስምምነታቸው መሠረት ያደረጉት ሁኔታ ከተለመደው ውጭ በተለወጠ ጊዜ፣ የተጎዳው ወገን ውሉ እንዲፈርስ ወይም በርትዕ እንዲሻሻል የመጠየቅ መብት ስለሚሰጠው፣ ሐረጉን ያነበበ የሊዝበን ጠበቃ ሐሳቡ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል። «ሙዳንሳ» በራሱ ስህተት አይደለም፤ ዳሩ ግን ቤት መቀየርንም ስለሚያመለክት ለውል ጽሑፍ ቀለል ይላል።

ሌላ መልስ፦ ለብራዚል ሲሆን ጥንቃቄ ያሻል። እ.ኤ.አ. የ2002ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 478 የሚናገረው ስለ «ኦኔሮዚዳጂ ኤሴሲቫ»፣ ማለትም ከመጠን ስላለፈ ሸክም ነው። ይህም ያልተለመደና አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል ክስተት መኖሩን፣ ሌላውም ወገን እጅግ የበዛ ጥቅም ማግኘቱን ይጠይቃል። የእንግሊዝኛውን ሰፊ ሐረግ በዚህ ቃል መተካት ተዋዋዮቹ ያላሰቡትን ገደብ ማስገባት ይሆናል።

ጠያቂው፦ ውሉ የሚገዛው በፖርቱጋል ሕግ ስለሆነ የመጀመሪያውን ወስጃለሁ፤ አመሰግናለሁ።