እሁድ ጠዋት መንገድ ይዘጋልን ወይስ ጂም እንግባ? የደሴ ልጆች ክርክር

ከቧንቧ ውሃ፦
ሰላም ጀማዓው፣ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ላይ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እየተባለ በወር አንድ እሁድ ጎዳናው ለእግረኛ ይለቀቅ ነበር። እኛስ? ከፒያሳ የሚነሳው መንገድ በየእሁዱ ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ለመኪና ይዘጋ እላለሁ።

ለምን ብትሉ፣ አምና 96 ኪሎ ገብቼ ነበር። ከቤቴ እስከ ሥራ በእግር 20 ደቂቃ ነው። እኔ ግን በባጃጅ ነበር የምሄደው። ዳገቱ ላይ ሦስት እርምጃ ስሄድ ትንፋሼ ቁርጥ ይል ነበር። አሁን ደርሶ መልስ በእግሬ ነኝ። ማታ እንጀራውን ከሁለት ወደ አንድ አወረድኩ። በ8 ወር 11 ኪሎ ቀነስኩ። ጂም የሚባል አልረገጥኩም።

ከኮምቦልቻ፦
አብሽር ወንድሜ፣ በርታ። ግን በሳምንት አንድ ቀን መንገድ ዘግቶ ሰውነት አይቀየርም። ክብደት የማያነሳ ሰው ይከሳል እንጂ ቅርጽ አያወጣም። ምግብ ብቻ ቀንሰህ ስትከሳ ስቡም ጡንቻውም አብሮ ይሄዳል። ነገ ወደ ድሮው አበላል ስትመለስ ደግሞ ቶሎ የሚመለሰው ስቡ ነው። እኔ ሦስት ዓመት ጂም ሠርቻለሁ፣ በራሴ ላይ ያየሁትን ነው የምነግርህ። ማዘጋጃ ቤቱ አቅም ካለው ለወጣቱ ርካሽ ጂም ይክፈት።

ነርሷ፦
ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። እየተራመዳችሁ ማውራት የምትችሉበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅታችሁ ፍጥነት ማለት ነው። በዚያ ላይ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር። ለዚህ ጂም ግድ አይደለም። ፑሽ አፕ ይበቃል። ከበርጩማ ላይ እጅ ሳያስደግፉ መነሳትና መቀመጥም ይበቃል። የደሴ ዳገት ራሱ ለእግር ጡንቻ ትልቅ ሥራ ነው።

ክሊኒክ ሁልጊዜ የምጠየቀው ስለ ሆድ ነው። ሆድ ለብቻው አይከሳም። የሆድ ስፖርት ጡንቻውን ያጠነክራል፣ ስቡን ግን ሰውነት ከፈለገበት ቦታ ነው የሚያነሳው።

ስለ ቡናችንም ልናገር፣ አትቆጡኝ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብናደርግ 25 ግራም ገደማ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀኑ ሙሉ ከዚያ ባይበልጥ ይሻላል የሚለው መጠን በአንድ ቁጭታ አለቀ። እኛ ደግሞ በቀን ሁለቴም ሦስቴም እናፈላለን። ቡናው ይቅር አላልኩም፤ ያለ ቡና ጎረቤት የለም። ስኳሩን ግን በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። ምላስ ይለምዳል። ወጡ ላይ ዘይት ስትገለብጡም አስቡ፣ አንዱ የሾርባ ማንኪያ ብቻ 120 ካሎሪ ገደማ አለው።

ከሆጤ፦
እኔም ልናገር። ጂም ይከፈት የምትለው ወንድሜ፣ ሰዓቱ የወንዶች ነው። ምሽት ላይ ብገባ በጨለማ ማን ይመልሰኛል?

ብቻዬን መሮጥ ጀምሬ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከአንድ ባጃጅ ውስጥ «እቺን ወፍራም እያት!» ተብሎ ተጮኸብኝ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሻርፔን ፊቴ ላይ ስቤ ወደ ቤት ገባሁ። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር አልወጣሁም። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ፍላጎቱም ጫማውም ነበረኝ። መንገዱ ሲዘጋ ግን ብቻዬን አይደለሁም። እናቶች አሉ፣ ልጆች አሉ። በመቶ ሰው መሃል አንዷን ለይቶ የሚሳደብ የለም። እኔ የምደግፈው ለዚህ ነው።

ባጃጅ ነጂው፦
እህቴ፣ በዚያ ሰው ስም እኔ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

ግን እኔንም ስሙኝ። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን ሰው የማመላልስበት ሰዓት ነው። የሳምንቱ ጥሩ ገቢዬ ያኔ ነው። ደግሞ ይህ የሰፈር መንገድ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚያልፈው ዋናው መንገድ ነው። የጭነት መኪናው ሦስት ሰዓት የት ይቁም? አምቡላንስስ?

ስፖርት ጠልቼ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው። ከሰዓት በርጫ ላይ ደግሞ ሌላ መቀመጥ፣ በዚያ ላይ ለስላሳ መጠጥ። ወገቤ አልቋል፣ ሆዴ መሪውን ነክቷል።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በከፍታ ከደሴ ብዙም አትለይም፣ እኛም 2,500 አካባቢ ነን። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1974 የተጀመረ ልማድ አለ፣ በየእሁዱ መንገድ ይዘጋል። ዛሬ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሷል። ዋና ጎዳና ሳይቀር ነው የሚዘጉት።

ሆኖም ልዩነቱን አልሸሽግም። እነሱ ሰፊ ሜዳ ላይ ናቸው፣ መኪናውን በሌላ ጎዳና ያዞሩታል። የእኛዋ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ተጣብቃ ያደገች ከተማ ናት። ዋናውን መንገድ ከዘጋነው መኪናውን ማዞር ይከብደናል። በዚህ ልጁ እውነት አለው።

ከኮምቦልቻ፦
እህታችን ያለችው አሳዘነኝ። ስለ ሴቶች ሰዓት ጨርሶ አላሰብኩም ነበር። የጂሙን ሐሳብ ግን አልተውም። የሴቶች ሰዓት ተለይቶለት ይከፈት።

ከቧንቧ ውሃ፦
ጋሼ፣ እናመሰግናለን። ባጃጅ የሚነዳው ወንድማችንም ልክ ነው። ዋናውን መንገድ ትቻለሁ። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የሚገባ አንድ የሰፈር መንገድ ይመረጥ፣ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ብቻ ይዘጋ። ሆጤ ስታዲየምም ጠዋት ጠዋት ለሕዝብ ክፍት ቢሆን።

እሁድ ብቻውን ልማድ እንደማይሆን አውቃለሁ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናት አለ። ሰዎቹ አንድን ነገር በየቀኑ በተመሳሳይ አጋጣሚ እየደጋገሙ ሳያስቡት እስኪያደርጉት በአማካይ 66 ቀን ፈጅቶባቸዋል። አንዳንዱ በ18 ቀን ለምዷል፣ አንዳንዱ 254 ቀን ያስፈልገው ነበር። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላበላሸውም። ይህን ባነብ ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ታምሜ ሦስት ቀን ስቀር «በቃ፣ አልሆነም» ብዬ አላለቅስም ነበር። ለእኔ አጋጣሚው የበሩን ቁልፍ ማንሳት ነው። ቁልፉን ካነሳሁ እግሬ ራሱ ይሄዳል። የእሁዱ መንገድ ግን ገና ላልጀመረ ሰው ነው። እንደ እህታችን በር ላይ ቆማ ለቀረች።

ነርሷ፦
ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። መጀመሪያ ቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። ይህን ከማስታወቂያው ጋር ጻፉት።

ባጃጅ ነጂው፦
የሰፈር መንገድ ከሆነ ተስማምቻለሁ። እኔም ግማሽ ሰዓት ተራምጄ ሥራ እገባለሁ።

ከሆጤ፦
መንገዱ ተዘጋም አልተዘጋም፣ መጀመሪያ ባጃጅ ተራው ላይ ያሉትን ጓደኞችህን አናግርልኝ። አይጮኹብንም ካልከኝ እሁድ ታናሽ እህቴን ይዤ እወጣለሁ።

ባጃጅ ነጂው፦
ነገ ጠዋት ለተራ አስከባሪው እነግረዋለሁ። ሁሉም ባሉበት።