ለአነስተኛ ድርጅት የሚቀድመው የትኛው ነው፦ ድረ ገጽ፣ ማስታወቂያ ወይስ መተግበሪያ?

የእንጨት ሥራ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ረዳቶቼ ጋር ሆኜ ያረጁና የተሰበሩ የቤት ዕቃዎችን የሚያድስ አነስተኛ ድርጅት አስተዳድራለሁ። እስካሁን ሥራችን የሚታየው በፌስቡክ ገጻችንና በቴሌግራም ቻናላችን ብቻ ነው። የታደሰ ዕቃ ፎቶ በለጠፍን ቁጥር የሚያደንቅልን ሰው ብዙ ቢሆንም፣ ከአድናቂዎቹ መካከል ሥራ ይዞ የሚመጣው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ደንበኛችን ዛሬም የሚመጣው ቀድሞ ያሠራ ሰው ነግሮት ነው። ባለሙያዎችን ሳማክር አንዱ በአስቸኳይ ድረ ገጽ እንዳሠራ፣ ሌላው ገንዘቤን በማስታወቂያ ላይ እንዳውል፣ ሦስተኛው ደግሞ የሞባይል መተግበሪያ ከሌለኝ ወደ ኋላ እንደምቀር ነገሩኝ። ሦስቱም የመከሩኝ ራሳቸው የሚሸጡትን ነገር መሆኑን ሳልታዘብ አልቀረሁም። አቅሜ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንድሞክር ስለማይፈቅድልኝ፣ የትኛው መቅደም እንዳለበትና እያንዳንዱ በእርግጥ ምን እንደሚጠቅም ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ገጽ ሠሪው

እኔም ድረ ገጽ በመሥራት የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ፣ ምክሬን ይህንኑ አውቀው እንዲመዝኑት አስቀድሜ ልናገር።

መተግበሪያውን በአጭሩ እንለፈው። ሰው በስልኩ ላይ መተግበሪያ የሚጭነው በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ለሚጠቀምበት አገልግሎት ነው፤ ወንበሩን በጥቂት ዓመታት አንዴ ለሚያሳድስ ደንበኛ መተግበሪያ ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው።

ዋናው ጉዳይ ተከታይና ፈላጊ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ነው። ፎቶዎን አይቶ የሚያደንቀው ሰው በዚያች ሰዓት የሚጠገን ዕቃ ላይኖረው ይችላል፤ ዕቃው የተሰበረበት ሰው ደግሞ የእርስዎን ገጽ ጨርሶ ላያውቅ ይችላል። ይህ ሁለተኛው ሰው ወይ የሚያውቀውን ይጠይቃል፣ ወይ ስልኩን አውጥቶ ይፈልጋል። ከዚህም በላይ፣ በሰው ምክር የሚመጣው ደንበኛ እንኳ ከመደወሉ በፊት የድርጅቱን ስም ፈልጎ ማየቱ የተለመደ ስለሆነ፣ በዚያ ፍለጋ ምንም አለመገኘት የተሰጠውን ምክር ያደበዝዘዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ገንዘብ የማይጠይቀው ነው፤ ይኸውም በጉግል ካርታ ላይ የሚታየውን የድርጅት መገለጫ መክፈትና ባለቤትነትዎን ማረጋገጥ። የሥራ ሰዓት፣ ስልክ ቁጥር፣ የሥራው ዓይነትና ፎቶዎች በትክክል ይሙሉ፤ ሰዓት ሲቀየር በዕለቱ ያስተካክሉ። ተዘግቶ ያገኘው ደንበኛ ሁለተኛ አይመለስምና በዚህ ላይ ቸል አይበሉ።

ድረ ገጹ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። የሚያስፈልግበትን ምክንያት በሁለት የታወቁ ክስተቶች ላስረዳ። ጥቅምት 4 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በኔትወርክ ማስተካከያ ስህተት ምክንያት በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ተቋርጠው ነበር፤ በእነዚያ ብቻ የሚሠሩ ድርጅቶች በዚያ ጊዜ ደንበኞቻቸውን የሚያገኙበት መስመር አልነበራቸውም። ጉግል ደግሞ በድርጅት መገለጫ ውስጥ በነጻ ይሰጥ የነበረውን የድረ ገጽ መሥሪያ መጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ዘግቶታል፤ ያንን አድራሻ በካርዳቸውና በማስታወቂያቸው ላይ ያሳተሙ ሁሉ አዲስ አድራሻ መፈለግ ነበረባቸው። በሰው መድረክ ላይ መሥራት ምንም ነውር የለውም፤ ነገር ግን መድረኩ ቢዘጋ ወይም ደንቡን ቢቀይር ደንበኛ የሚያገኝዎት የራስዎ አድራሻ ሊኖርዎት ይገባል።

ገጹ ትልቅ እንዲሆን ማንም እንዳያግባባዎት። አንድ በሚገባ የተጻፈ ገጽ ይበቃል፦ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚያድሱና እንደማያድሱ፣ ከእድሳት በፊትና በኋላ የተነሡ ፎቶዎች፣ ዋጋ በምን እንደሚወሰን፣ ሥራው በተለምዶ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ፣ እንዴት እንደሚገኙ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማየውን ጉድለት ልጥቀስ። የአገልግሎቱን ዝርዝርና ስልክ ቁጥሩን በሙሉ በፎቶ ላይ አስጽፈው የሚለጥፉ ድርጅቶች አሉ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የፍለጋ አገልግሎቶች በአግባቡ ላያነቡት ይችላሉ፤ ደንበኛውም ቁጥሩን ነክቶ መደወል ወይም መቅዳት አይችልም። ጽሑፍ በጽሑፍነቱ ይቀመጥ። ፎቶዎቹም ከካሜራ እንደወጡ ሳይሆን መጠናቸው ተቀንሶ ይጫኑ፤ ጉግል የገጽ ፍጥነትን ሲመዝን የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይጠብቃል፤ ግዙፍ ፎቶዎች የተደረደሩበት ገጽ በደካማ ኔትወርክ ይህን ሊያሟላ አይችልም።

ልብስ ሰፊዋ

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም። ጠያቂው እንደገለጹት ሰው አይቷቸዋል፣ ወዷቸዋልም። የጎደለው ከመታየት በኋላ ያለው ነገር ሊሆን ስለሚችል፣ አዲስ በር ከመክፈት በፊት በተከፈተው በር የገባው ሰው እንዴት እንደሚስተናገድ መመርመር ይቀድማል።

ዋጋ ለጠየቀ ሁሉ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚል መልስ መስጠት በብዙ ገጾች ላይ የተለመደ ነው። ለጠያቂው ይህ ዋጋ እንደ ሰውየው ሁኔታ የሚቆረጥ ያስመስለዋል፤ ብዙዎችም ከዚያ በኋላ ዝም ይላሉ። የእድሳት ዋጋ ዕቃው ሳይታይ በትክክል መናገር እንደማይቻል እረዳለሁ፤ ይሁንና መነሻ ዋጋንና ዋጋውን ከፍ የሚያደርጉትን ነገሮች በግልጽ ጽፎ ማስቀመጥ ይቻላል።

ሁለተኛው የመልስ ፍጥነት ነው። ጠዋት የጠየቀ ሰው ማታ መልስ ሲያገኝ ሌላ ዘንድ ሄዷል። እጅ በሥራ ሲያዝ መልስ መስጠት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ የሚገኘው የዋትስአፕ ቢዝነስ መተግበሪያ ለዚህ ይረዳል፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ በራሱ መልስ ይሰጣል፣ ተደጋጋሚ መልሶችን አስቀምጦ በአንድ ንክኪ ይልካል፣ ንግግሮችን «ዋጋ የጠየቀ»፣ «ቀጠሮ የያዘ»፣ «የተረከበ» እያሉ በምልክት መለየት ያስችላል። እኔ ዘንድ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ የጠቀመኝ ይህ የምልክት ነገር ነው፤ ጠይቆ የጠፋውን ሰው በትሕትና መልሶ ማነጋገር የሚቻለው ማን እንደጠፋ ሲታወቅ ብቻ ነውና።

የእንጨት ሥራ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቆዩ መልእክቶቻችንን መልሼ ስመረምር፣ ብዙዎቹ ንግግሮች የተቋረጡት የዕቃውን ፎቶና መጠን እንዲልኩልን ከጠየቅናቸው በኋላ ሆኖ አገኘሁት፤ ምን ዓይነት ፎቶ እንደምንፈልግ ከመጀመሪያው ብናሳያቸው ይሻል ነበር ብዬ አስባለሁ። የድረ ገጹን ነገር ግን አልተውኩትም። አንድ ሠሪ በዝቅተኛ ዋጋ ሊሠራልኝ ተስማምቷል፤ አድራሻውን ወይም ዶሜይኑን ግን በራሱ ድርጅት ስም እንደሚያስመዘግበውና እኔ በየዓመቱ ለእርሱ እንደምከፍል ነግሮኛል። ችግር ይኖረው ይሆን?

ገጽ ሠሪው

ልብስ ሰፊዋ በቅደም ተከተሉ አሳምነውኛል። የፎቶውንም ነገር ሲያስተካክሉ፣ ዕቃው ከየት ከየት አቅጣጫ መነሣት እንዳለበት የሚያሳይ አንድ ናሙና ምስል ቢያዘጋጁ በቻናሉም በድረ ገጹም ያገለግልዎታል።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ አዎን፣ ትልቅ ችግር አለው። ዶሜይን በማን ስም ከተመዘገበ የዚያ ሰው ነው። ከሠሪው ጋር ብትጣሉ፣ ሥራውን ቢተው ወይም ማደስ ቢረሳ፣ በድርጅትዎ ስም ለዓመታት የታወቀው አድራሻ ከእጅዎ ይወጣል። ስለዚህ ምዝገባው በእርስዎ ወይም በድርጅትዎ ስም፣ የሚያዙበትም ኢሜይል የራስዎ ይሁን፤ ሠሪው እንዲሠራ መግቢያ ሊሰጠው ይችላል፣ ባለቤትነት ግን አይሰጠውም። በየዓመቱ በራሱ እንዲታደስ ያድርጉ። ጊዜው ሲያልፍ ድረ ገጹም፣ በዚያ አድራሻ የተከፈተ ኢሜይልም አብረው ይቆማሉ፤ በዶት ኮም የሚያልቁ አድራሻዎችን መዝጋቢው፣ ማለትም ዶሜይኑን ያስመዘገቡበት ድርጅት፣ ከሰረዛቸው በኋላ ለ30 ቀናት ያህል ተጨማሪ ክፍያ ከፍሎ ማስመለስ ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ማንም ሊያስመዘግባቸው ይችላል።

በአንዳንድ አሳሾች ላይ በቁልፍ ምልክት ለሚታየው፣ በድረ ገጹና በጎብኚው መካከል ያለውን ግንኙነት ለሚጠብቀው የደኅንነት ሰርተፊኬት፣ ለብቻው ብዙ ገንዘብ ከተጠየቁ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ተቋም ይህንን ለማንኛውም ድረ ገጽ በነጻ ይሰጣል፣ ብዙ የሆስቲንግ አገልግሎቶችም (ድረ ገጽን በኢንተርኔት ላይ የሚያኖሩ ድርጅቶች) በራሱ እንዲታደስ አድርገው ያቀርቡታል። የባለቤትነቱ ነገር ለቴሌግራም ቻናልዎም ይሠራል። ቻናሉ በረዳትዎ ስልክ ተከፍቶ ከሆነ ባለቤቱ እርሱ ነው፤ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ተጨማሪ የይለፍ ቃል፣ ካበራ በኋላ ወደ እርስዎ ሊያዛውረው ይችላል፣ ይህንንም በሰላሙ ጊዜ ማድረግ ይሻላል።

ሒሳብ ያዡ

ስለ ማስታወቂያ ማንም ስላላነሣ ጥቂት ልበል። ከፍሎ ማስተዋወቅ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ጠያቂ ለማግኘት ምን ያህል እንደሚያስወጣዎት ሳያውቁ መክፈል አይገባም። ከአሥር ጠያቂዎች ሁለቱ ሥራ የሚሰጡዎት ከሆነ፣ አንድ ሥራ ለማግኘት የአምስት ጠያቂዎችን ወጪ ይከፍላሉ ማለት ነው፤ ይህ ወጪ ከአንዱ ሥራ ከሚያገኙት ትርፍ ከበለጠ ማስታወቂያው ያከስርዎታል፣ መውደዶቹ የቱንም ያህል ቢበዙ። መልስ አሰጣጣችሁን አስተካክላችሁ ከአሥሩ አራቱን ብትይዙ ያው ማስታወቂያ በግማሽ ዋጋ ሥራ ያመጣል፤ ማስታወቂያው ከሁሉም መጨረሻ የሚመጣውም ለዚህ ነው።

ዕቃውን ለሚረከብ ደንበኛ በካርታው መገለጫ ላይ አስተያየት እንዲጽፍ ሊንኩን በዚያው ቀን ይላኩለት፤ ስጦታ ወይም ቅናሽ ግን አያስከትሉበት፣ የጉግል ደንብ ይከለክለዋልና። እስከዚያው አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ይክፈቱ፤ የጠያቂው ስም፣ የጠየቀበት ቀን፣ ከየት እንደሰማ፣ ሥራ መስጠት አለመስጠቱና የሥራው ዋጋ ይመዝገብበት። «ከየት ሰሙ?» የሚለውን ጥያቄ ሁለቱም ረዳቶችዎ ሳይዘነጉ እንዲጠይቁ ያስለምዱ፤ ይህ ዓምድ ባዶ ከቀረ የተቀሩት ብዙም አይነግሩዎትም።